ሶፋው ሥር የተገኘው ኪኒን

ዛሬ ቤት ስጠርግ ሶፋው ሥር ምን ባገኝ ጥሩ ነው? የውሻዬን የቡቺን የልብ ትል መከላከያ ኪኒን! ባለፈው ወር "ጎበዝ!" ብዬ ጭንቅላቱን የዳበስኩበት ያው ኪኒን። ለካስ ጉንጩ ሥር ደብቆት፣ ዞር ስል ተፍቶታል።

ደነገጥኩና የእንስሳት ሐኪሟ ጋ ደወልኩ። ዶክተሯ አልተቆጣችኝም። "ዛሬውኑ አዲስ ስጠው፣ በየወሩ ቀጥል፣ ከ6 ወር በኋላ ደሙን እናየዋለን" አለችኝ።

ለምን 6 ወር? የልብ ትል በትንኝ ንክሻ ነው የሚገባው። ሲገባ ኢምንት እጭ ነው። አድጎ በምርመራ እስኪታወቅ ግማሽ ዓመት ገደማ ይፈጃል። ያደገችው ሴቷ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ትረዝማለች፤ ያውም ልብና የሳንባ ደም ሥር ውስጥ! ኪኒኑ የሚገድለው በቅርቡ የገቡትን እጮች እንጂ ያደጉትን አይደለም። እኔ የሚቀጥለውን ወር የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር። ለካ ያለፈውን ነው የሚያጸዳው።

የኛው ኪኒን ወስፋትንና ሁክዎርም የሚባለውን የአንጀት ትልም አብሮ ይጠርጋል። ኮሶን ግን አይነካም፤ ለእሱ ሌላ መድኃኒት አለው።

ድመቴንስ? ከቤት አትወጣም ብዬ ችላ ብያት ነበር። ትንኝ በር አንኳኩታ ነው እንዴ የምትገባው? ደግሞ ለድመት ያደገውን ትል የሚገድል አስተማማኝ መድኃኒት የለም፤ ያለው መከላከል ብቻ ነው። ደግነቱ የእሷ መድኃኒት ማጅራቷ ላይ ጠብ የሚደረግ ነው። መትፋት የለ፣ መደበቅ የለ።

ቡቺን ዛሬ አፉን ከፍቼ ምላሱ ሥር ሳይቀር ፈተሽኩት። አሁን ተቀይሞኝ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኝቷል።