የባሕር ዳር ልጅን ሳይክል ማስተማር

«እዚያ አገር ሳይክል መንገድ ላይ ይጣላል አሉ። ለምን አንድ ኮንቴነር ሞልተህ አታመጣም?»

ከሆላንድ ለእረፍት ባሕር ዳር ከገባሁ ጀምሮ ይህን ያልጠየቀኝ የለም። ትናንት ጣና ዳር አሳ እየበላን የድሮ ጓደኞቼ ደገሙት። አንዱማ ሒሳቡን ሠርቶ ጨርሷል። ኮንቴነር ውስጥ ስንት ሳይክል እንደሚገባ፣ አንዱ ስንት እንደሚሸጥ፣ ለእኔ ስንት እንደሚደርሰኝ፣ ለእሱ ደግሞ «ለሐሳቡ» ስንት እንደሚገባው። ሆላንድ ውስጥ ምን እየበላሁ እንደምኖር የጠየቀኝ ግን የለም።

ያሉት ነገር ውሸት አይደለም። የሆላንድ ሕዝብ ወደ 18 ሚሊዮን ነው፤ ሳይክሉ ወደ 23 ሚሊዮን። ዩትሬክት ባቡር ጣቢያ ሥር 12,500 ሳይክል የሚቆምበት ምድር ቤት አለ። አምስተርዳም ከቦዮቿ ውስጥ በዓመት ከ12,000 እስከ 15,000 ሳይክል በክሬን ታወጣለች። እኛ ከጣና እምቦጭ እንደምንለቅመው እነሱ ከውሃቸው ሳይክል ይለቅማሉ።

ግን የተጣለ ሁሉ ላነሣው ሰው አይሆንም። ቆሞ የተረሳ ሳይክል ላይ ማዘጋጃ ቤቱ ወረቀት ያስርበታል። ቀኑ ሲያልፍ ጭኖ ይወስደዋል። ፍሬሙ ላይ የተመታ ቁጥር አለ። ያ ቁጥር «ተሰርቋል» ተብሎ ከተመዘገበ፣ ጣጣው ሳይክሉ እጁ ላይ ለተገኘው ሰው ነው። «መንገድ ላይ አገኘሁት» የሚለው መልስ እኛ ሰፈር ያስኬድ ይሆናል፤ እዚያ አያስኬድም። ደጅ የሚወጣውን አሮጌ ዕቃ መልቀም እንኳ በብዙ ከተሞች ክልክል ነው። የእኛ ቁራሌው እዚያ ቢሄድ ገና በመጀመሪያው ቀን ይቀጣ ነበር።

እኔ ሳይክል አልገዛም፤ እሠራለሁ። የሽምብጥ ሰፈር ልጆች ታስታውሳላችሁ። ከተማዋ ሜዳ ናት። ልጅ ሁሉ ሳይክል ይፈልጋል፤ ገንዘብ ያለው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ የአንዱን ፍሬም፣ የሌላውን ቸርኬ፣ የሦስተኛውን ካቴና እየሰበሰብን እናጋጥም ነበር። አንድ ፍሬም ላይ ሌላ ፍሬም በይደን የአጥር ቁመት ያለው ሳይክል የሠራን ጊዜ ትዝ ይላችኋል? ላዩ ላይ ለመውጣት ግድግዳ መደገፍ ነበረብን። ለመውረድ ደግሞ ግድግዳ እስኪገኝ መንዳት ነበረብን። እናቴ ከሰው አጥር በላይ ስታየኝ ስለት ትሳል ነበር። ብየዳ ያስተማሩን ጋሼ ማሽናቸውን የሚሰጡን ማታ ነው፤ መብራት ካለ።

ይህ ሥራ ብዙ ያስተምራል። 28 የተባለ ጎማ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ የተማርኩት እዚያ ነው። አንዱ የሚቀመጠው 622 ሚሊ ሜትር ቸርኬ ላይ ነው፣ ሌላው 635 ላይ። ሁለቱም «28» ይባላሉ። ባለሱቁም ሁለቱንም «ልክ ነው፣ ይገባል» ብሎ ይሸጥልሃል። ማግኔት የማይዘው ፍሬም አልሙኒየም ስለሆነ በተራ ኤሌክትሮድ እንደማይበየድም ያወቅነው ስንት ፍሬም ካበሳሳን በኋላ ነው።

አሁን ወደ ቁስሌ ልምጣ። እንዴት እንደሄድኩ አልተርክም፤ መንገዱን ከእናንተ መሀል የማያውቀው የለም። ያኔ ሆላንድ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ነኝ። ወረቀት እጠብቃለሁ። ሥራ አልተፈቀደልኝም። አንድ ጠዋት በጎ ፈቃደኞች መጡና ለስደተኞች የሳይክል ትምህርት ተጀምሯል አሉ። ስሜ ዝርዝሩ ላይ አለ። ማን እንዳስገባው እስከ ዛሬ አልደረስኩበትም።

«እኔ መንዳት እችላለሁ» አልኩ።

አስተማሪዋ ሴትዮ ፈገግ አሉ። በዕድሜ እናቴን ይበልጣሉ። «ሁሉም እንደዚያ ይላል» አሉኝ። «ከዚያ ይወድቃል።»

ከየት እንደመጣሁ ነገርኳቸው። ሳይክል የሞላባት ከተማ ናት፣ መንገዷ ሜዳ ነው፣ ዳርና ዳሩ ዘንባባ ነው አልኩ። «ኢትዮጵያ!» አሉ ደስ ብሏቸው። «ሯጮች!» በቃ፣ ተመደብኩ። መሮጥ እችላለሁ፤ መንዳት አልችልም። ሌላ ሰው ቢሆን እከራከር ነበር። ለትልቅ ሰው ግን መልስ አይሰጥም ተብሎ ያደገ ልጅ ምን ያደርጋል? ዝም አልኩ።

ቢጫ ሰደርያ አለበሱኝ። ሄልሜት አደረጉልኝ። በዚያ አገር ሕፃኑም ሽማግሌውም ያለ ሄልሜት ነው የሚነዳው፤ ለእኛ ግን ተገዛልን። ኮርቻው እግሬ መሬት እስኪረግጥ ድረስ ወረደ። ከዚያ ፔዳሎቹ ይፈቱ ተባለ። መጀመሪያ በእግር እየገፉ ሚዛን መልመድ ነው ዘዴው። ጥሩ ዘዴ ነው። የእህቴን ልጅ አሁን የማስተምረው በዚሁ ነው፤ አራት ዓመቱ ነው።

ሴትዮዋ ቁልፍ አንሥተው የግራውን ፔዳል ያዙ። ወደ ግራ ያዞራሉ። የግራ ፔዳል ጥርሱ ተገላቢጦሽ እንደሆነ ሳይክል የነካካ ሁሉ ያውቃል። እየተነዳ በራሱ እንዳይፈታ ተብሎ ነው እንዲያ የተሠራው። ወደ ግራ ባዞሩት ቁጥር ይጠብቃል። ታገሉ። ሌላ በጎ ፈቃደኛ ጠሩ። ለሁለት ሆነው የባሰ አጠበቁት። እኔ ሄልሜቴን አድርጌ፣ ሰደርያዬን ለብሼ ቆሜ አያለሁ። በመጨረሻ አላስቻለኝም። ቁልፉን ተቀብዬ ወደ ቀኝ ገፋ ሳደርገው ተፈታ።

«ብራቮ!» ብለው አጨበጨቡልኝ። ከዚያ ፔዳል በሌለው ሳይክል ላይ አስቀመጡኝ።

ሜዳውን ዞርኩት፤ እየገፋሁ፣ የሴትዮዋ እጅ ጀርባዬ ላይ፣ «ጎበዝ! ጎበዝ!» እየተባልኩ። አጠገቤ ያሉት ሰዎች ከምር ጀማሪዎች ናቸው፤ እነሱ ላይ አልስቅም፣ ብዙዎቹ ጎበዝ ሆነዋል። የሳቀው ሌላ ነው። አንድ የእኛው አገር ልጅ በስልኩ ቀርጾኛል። ቪዲዮው በቴሌግራም ተሳፍሮ ሳይመሽ ባሕር ዳር ገባ። ታናሽ ወንድሜ ደውሎ መናገር አቃተው። ይስቃል፣ ይስላል፣ ይስቃል። እኔ በረሃና ባሕር ተሻግሬ ስመጣ ያልደወለ ሰው ሁሉ ያን ቀን ደወለልኝ።

ልጨምርላችሁ። ትምህርቱ ሲያልቅ ምስክር ወረቀት ተሰጠን፤ ማኅተም ያለው፣ ስሜ በትልቁ የተጻፈበት። ለእናቴ ላኩላት፣ ትንሽ ደስ ይበላት ብዬ። አሁን ስመጣ ሳሎን ውስጥ በፍሬም ተሰቅሏል። የወንድሜ የፖሊቴክኒክ ዲግሪ ከጎኑ ነው፤ መጠኑም አነስ ይላል። ለእንግዳ ሁሉ «የሆላንዱ ነው» ትላለች። ምን እንደተጻፈበት አልነገርኳትም። ወንድሜም አልነገራትም። እሱ ዝም ያለው ግን ለእኔ አዝኖ አይደለም፤ ቡና በተፈላ ቁጥር ስለሚዝናናበት ነው።

ለሐቁ ያህል፣ የመንገዱ ሕግ ከእኛ ይለያል። ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት ከሌለህ ማታ ትቀጣለህ። ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየነዱ ስልክ መያዝም ያስቀጣል። ስትታጠፍ እጅህን ትዘረጋለህ። እኛ ጋ እጅ የሚዘረጋው ሰላም ለማለት ነው፤ ባጃጅ ደግሞ ወዴት እንደሚታጠፍ የሚያውቀው ከታጠፈ በኋላ ነው። ያን ቢያስተምሩኝ እቀመጥ ነበር። ያስተማሩኝ ግን መቀመጥን ነው።

ወረቀቴን ካገኘሁ በኋላ ሥራዬን ጀመርኩ። ከሳይክል ጠጋኞች የሞቱ ፍሬሞችን በደረሰኝ እገዛለሁ። ደረሰኟን አልጥላትም። የባሕር ዳሩን ረጅም ሳይክል እዚያም ሠራሁት። አንድ ማታ ፖሊስ አስቆመኝ። ከታች ሆኖ መታወቂያ ጠየቀኝ፤ ከላይ ሆኜ አቀበልኩት። የፍሬም ቁጥሩን ፈለገ፣ አገኘ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ አገኘ። አንድ ሳይክል፣ ሁለት ቁጥር። ሁለቱንም በስልኩ አጣራ፤ ንጹሕ ናቸው። ግራ ገባው። በመጨረሻ «ፍሬኑ ይሠራል?» ብሎ ጠየቀና አብሮኝ ፎቶ ተነሣ። ያንን ፎቶ ለሰፈሩ ሁሉ ላክሁ። አንድ ሰው አልደወለም።

እዚህ ባሕር ዳር ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። አጎቴ በሳይክል ከቤት ስወጣ አይተው አዘኑ። «ያን ሁሉ አገር አቋርጠህ፣ አሁንም ሳይክል?» ማርክ ሩተ የሆላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሳሉ በሳይክል ቢሮ ይገቡ ነበር አልኳቸው። «የእሳቸው መኪና ተበላሽቶ ይሆናል» አሉኝ። ከውጭ የመጣ ሰው መኪና ካልተከራየ ያመመው ይመስላቸዋል።

እንግዲህ ልሄድ ነው የምትሉ ልጆች፣ ስሙኝ። ደላላው «እጅህ ሙያ ካለው አውሮፓ በሩን ከፍቶ ይጠብቅሃል» ይላችኋል። በሩ ላይ የሚጠይቁህ ወረቀት ነው። ሆላንድ ጥገኝነት የጠየቀ ሰው የመጀመሪያዎቹን 6 ወራት መሥራት አይችልም። ቀድሞ ከዚያም በኋላ በዓመት ከ24 ሳምንት በላይ አይፈቀድም ነበር፤ ይህን ፍርድ ቤት ያስቀረው በ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው። ቋንቋውም አለ። ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባለው ሕግ ቢ1 የሚሉት ደረጃ ይጠበቅብሃል፤ ያም ማለት ስለ ጎረቤትህ ድመት በደች ደብዳቤ መጻፍ ነው። ብየዳ የምትችሉ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት) ፈተናውን እዚሁ ተፈተኑ። ምስክር ወረቀቱን አስተርጉማችሁ ያዙ። እኔ ስንት ዓመት በይጄ በእጄ የነበረው ብቸኛ ወረቀት ሳይክል መንዳት እንደምችል የሚገልጸው ነው። በሊቢያ በኩል አትሂዱ የምለውን ግን በቀልድ አልለውም። እኔ ያለፍኩት ስላለፍኩ ነው፤ አብረውኝ ተነሥተው ያላለፉት ምክር መስጠት አይችሉም።

አሁን በወንድሜ ግቢ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ረጅም የጭነት ሳይክል እየሠራን ነው። ፊቱ ላይ ከመሪውና ከጎማው መሀል ዝቅ ያለ መጫኛ አለው። ዴንማርኮች ከ1920ዎቹ ጀምሮ በእንዲህ ዓይነቱ ዕቃ ያመላልሳሉ። መሪው ከፊት ጎማው ስለሚርቅ ከሥር በረጅም ዘንግ ይያያዛል። እኔ ዘንጉን በቡሎን ላስረው ነበር። ከልጆቹ አንዱ ከተበላሸ ባጃጅ የፈታውን የመሪ መገጣጠሚያ ይዞ መጣ፤ ከእኔ ሐሳብ በእጥፍ ይሻላል። ይህን ልጅ ሆላንድ ውስጥ ፔዳል ያወልቁበታል።

መጫኛውን የሠራነው ከአሮጌ የውሃ ቱቦ ነው። እዚህ ላይ ልጆቹን ተቆጥቻለሁ። ቱቦው ዚንክ የተቀባ ነው። ሳይፋቅ ከተበየደ ነጭ ጭስ ይወጣዋል። ያን የሳበ ሰው ማታ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ይለዋል። እዚህ ደግሞ ወባ ነው ተብሎ ደም ሊመረመር ይሄዳል። ወተት ጠጥተን እንበይዳለን ይላሉ። ወተቱን ጠጡ፣ ጥሩ ነው፤ ጭሱን ግን አያቆምም። ዚንኩን ፍቁ፣ ደጅ በይዱ፣ ነፋስ ከኋላችሁ ይሁን።

ትንሹ ልጅ ተኝቶ የሚነዳ ሳይክል ካልሠራን ብሎ ይነዘንዘኛል። ከንቱ ሐሳብ አይደለም። በ1933 እ.ኤ.አ. ፍራንሲስ ፎር የተባለ ፈረንሳዊ እንዲህ ባለ ሳይክል በአንድ ሰዓት 45.055 ኪሎ ሜትር ነድቶ ክብረ ወሰን ሰበረ። በዓመቱ የዓለም የብስክሌት ማኅበር ሳይክሉን ከውድድር አገደው። ተኝቶ ማሸነፍ ማንን ደስ ይላል? ባሕር ዳር ውስጥ ግን የሚከለክል የለም። ባጃጆቹ ዝቅ ብለው ካላዩት ነው ችግሩ፤ ረጅም እንጨት ላይ ባንዲራ እናስርበታለን ብለናል።

የጭነት ሳይክሉን ገና ሳንቀባው ገዢ መጥቷል። አሳ የምትሸጠው ጎረቤታችን ከጣና ዳር እስከ ገበያ የምታመላልስበት ፈልጋለች። ዞር ዞር ብላ አየችው። መጫኛውን በእግሯ ረገጠችው። ጥላ ይደረግበት፣ አሳው እንዳይሞቅ አለች። ወንድሜ ዋጋ ነገራት። ሳቀች። «የሆላንድ ዲግሪ ያለው ሰው ሠራው ብለህ ነው እንዲህ የምትቆልለው?»

ወንድሜ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ዋጋውን ግን አልቀነሰም። ነገ ቀብድ ይዛ ትመጣለች። እኛ ደግሞ ከዚያ በፊት የኋላ ፍሬኑን መጨረስ አለብን።