የባቦጋያ ሐይቅን ባክቴሪያ በየትኛው ወር መቅዳት ይሻላል?

በአሜሪካ ዊስኮንሲን፣ ማዲሰን ከተማ ዳር ያለው ሜንዶታ ሐይቅ ባክቴሪያው ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየጊዜው እየተቀዳ ተጠንቷል። እዚያ ውሃው በጸደይና በመኸር ከላይ እስከ ታች ይቀላቀላል፣ በሞቃቱ ወራት በንብርብር ይለያያል፣ በቅዝቃዜው ወራት በረዶ ይሸፍነዋል። የባክቴሪያው ስብጥርም በየዓመቱ በዚያው ወቅት ወደዚያው መልክ ይመለሳል። ችግሩ ይህን የቀን መቁጠሪያ እንዳለ ወደ ኢትዮጵያ ማምጣቱ ላይ ነው። የእነሱ «ዊንተር» የእኛ ክረምት አይደለም፤ ሐይቆቻችንም በረዶ አይጠብቁም።

ቢሾፍቱ ያለውን ባቦጋያ እንውሰድ። እሳተ ገሞራ የፈጠረው፣ 65 ሜትር ገደማ የሚጠልቅ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር አካባቢ ላይ ያለ ሐይቅ ነው። ከላይና ከታች ያለው የሙቀት ልዩነት ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ይህች ትንሽ ልዩነት ግን ንብርብሩን አጥብቃ ትይዛለች፤ ምክንያቱም ውሃ ከ24 ወደ 25 ዲግሪ ሲሞቅ እፍጋቱ የሚቀንሰው ከ4 ወደ 5 ሲሞቅ ከሚቀንሰው 30 እጥፍ ገደማ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር፣ ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ ውርጭ ሲሆን የላይኛው ውሃ ሙቀቱን ያጣል፣ ይከብዳል፣ ይሰምጣል። ያኔ ኦክስጅን የሌለው፣ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ውሃ ከታች ይወጣል። በቢሾፍቱ ሐይቆች አልፎ አልፎ ዓሣ ሞቶ የሚንሳፈፈውም በዚህ ጊዜ ነው።

ለባክቴሪያው ይህ እንደ ቤት መፍረስ ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር የሐይቅ ውሃ ውስጥ 1 ሚሊዮን ገደማ ሴል አለ፤ በብዛት የሚለወጠው ቁጥሩ ሳይሆን ማን ማን እንዳለበት ነው። ንብርብሩ ሲጸና ጨዋማ ባልሆኑ ሐይቆች ላይኛው ክፍል አክቲኖባክቴሪያ ይበዛል፤ በጣም ትንንሽ፣ በትንሽ ምግብ የሚኖሩ ናቸው። አልጌ አብቦ ሲሞት ፍላቮባክቴሪየምና ዘመዶቹ የሞተውን ለመብላት ይነሳሉ። ኦክስጅን የሚያልቅበት ጥልቀት ላይ ደግሞ ሚቴን በሊታዎች ይሰፍራሉ፤ ከዚያ በታች በኦክስጅን ፈንታ ሰልፌት የሚተነፍሱት አሉ። ውሃው ሲቀላቀል ይህ ሁሉ ድንበር ይፈርሳል።

ስለዚህ ዓመቱን በየ2 ሳምንቱ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ግን በየሳምንቱ መቅዳት ይሻላል። በወር አንዴ የሚቀዳ ሰው መቀላቀሉ በሁለት ናሙና መሃል ሊያመልጠው ይችላል። ሰዓቱም ይጠበቅ፤ ሌሊት የቀዘቀዘው የላይኛው ውሃ ቀን መልሶ ስለሚሞቅ የጠዋት 3 ሰዓትና የቀኑ 9 ሰዓት ናሙና አይወዳደሩም። መጀመሪያ ሙቀትና ኦክስጅን በየሜትሩ ይለካ፤ ቴርሞሜትሩ 0.1 ዲግሪን የማይለይ ከሆነ ንብርብሩን አያሳይም። የሚቀዳበትን ጥልቀት የሚወስነው ይህ ልኬት ነው፦ አንድ ከላይ፣ አንድ ኦክስጅኑ የሚያልቅበት፣ አንድ ከዚያ በታች።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው ከጀልባው ከተወረደ በኋላ ነው። ውሃ በጠርሙስ ሞቆ ካደረ በሐይቁ ውስጥ እምብዛም ያልነበሩ ፈጣን አዳጊዎች ይወሩታል፤ ውጤቱ የጠርሙሱ እንጂ የሐይቁ አይሆንም። በበረዶ ሳጥን ይዞ በ2 ወይም 3 ሰዓት ውስጥ በ0.22 ማይክሮሜትር ማጣሪያ ማጣራት ያስፈልጋል። ከ200 እስከ 500 ሚሊ ሊትር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ ማጣሪያው ቀድሞ ከተደፈነ እዚያው ማቆምና ያለፈውን መጠን መመዝገብ ነው። በተመሳሳይ መንገድ የተጣራ ንጹሕ ውሃ አብሮ ይሠራ፤ ከመሣሪያው የመጣውን ባክቴሪያ የሚያጋልጠው እሱ ነው። ባክቴሪያው የቀረበት ማጣሪያ ዲኤንኤው እስኪወጣ ድረስ በሲቀነስ 80 ዲግሪ ይቀመጣል።

ጣና ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ስለሆነ ነፋስ በቀላሉ ያማስለዋል፤ በክረምት ግልገል ዓባይ፣ ጉማራና ርብ ደለል ያመጡበታል። ደለሉ ማጣሪያ ይደፍናል፣ የአፈር ባክቴሪያ ይጨምራል፣ አብሮት የሚመጣው ቅሪትም ፒሲአሩን፣ ማለትም ዲኤንኤውን የሚያባዛውን ሥራ፣ ያግደዋል። ዲኤንኤው አልባዛ ሲል ቶሎ ተስፋ አይቆረጥ፤ 10 እጥፍ አቅጥኖ መሞከር ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

የዲኤንኤው ንባብ ውጤት በመቶኛ መምጣቱም ያሳስታል። በፀሐይ ብርሃን የሚያድገው ባክቴሪያ ማይክሮሲስቲስ አብቦ ከንባቡ 60 በመቶውን ከያዘ ሌሎቹ አንድም ሳይሞቱ የቀነሱ ይመስላሉ። ስለዚህ ከዚያው ናሙና ጥቂት ሚሊ ሊትር በፎርማሊን አስቀርቶ፣ ዳፒ በሚባለው ቀለም ነክሮ በፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ሴሎቹን መቁጠር ያስፈልጋል። የማይክሮሲስቲስ ጓል ግን ለብቻው ይቆጠር፤ አንዱ ጓል ብዙ ሴል ስለሚይዝ እንደ አንድ ከተቆጠረ ስሌቱ ይፋለሳል። ከአልጌ የሚመጣው የክሎሮፕላስት (በብርሃን ምግብ የሚሠራው የሴል ክፍል) ንባብም ከመቶኛው ስሌት በፊት ይውጣ፤ ዲኤንኤው የባክቴሪያን ስለሚመስል መሣሪያው አብሮ ያነበዋል።