ስለቴ ሰመረ፤ ልጄ አፉን ፈታ

ተስዬ ነበር። «ኪዳነ ምሕረት እናቴ፣ የልጄን አንደበት ከፈትሽልኝ ጥላ አስገባልሻለሁ፤ ተአምርሽንም ለሰው ሁሉ እመሰክራለሁ» ብዬ። ጥላውን የካቲት 16 አስገብቻለሁ። የቀረኝ ምስክርነቱ ነው፤ ይኸው።

ልጄ ሁለት ዓመት ሲሞላው አንድም ቃል አልነበረውም። በዚህ ዕድሜ ብዙ ልጆች 50 ያህል ቃል ይናገራሉ፤ «እማ ነይ»፣ «ውሃ ስጪኝ» እያሉ ሁለት ቃል ማገጣጠምም ይጀምራሉ። የኔ ልጅ ግን ውሃ ሲጠማው ቀሚሴን ይዞ ወደ ጓዳ ይጎትተኛል፤ በጣቱ ያሳየኛል። ካልገባኝ መሬት ላይ ተንከባሎ ያለቅሳል። ዓይን ዓይኔን ያየኛል፣ ይስቃል፣ ይጫወታል። ቃል ግን የለም።

ምክሩ መዓት ነው። «ወንድ ልጅ ይዘገያል»፣ «አባቱም በሦስት ዓመቱ ነው የተናገረው»፣ «ዓይን በልቶት ነው»። አንዲት ጎረቤት ደግሞ እንጥሉን ካላስቆረጥሽው ብላ ያዘችኝ። እሺ አላልኩም፤ እግዚአብሔር ይመስገን! እንጥል ማስቆረጥ አፍ ከመፍታት ጋር ምንም አያገናኘውም። ትርፉ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ነው።

እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት እየወሰድኩ ጸበል አስጠምቀው ነበር። አንድ ቀን ከጸበሉ ወጥተን አረፍ ስንል አንዲት እማሆይ አጠገባችን ተቀምጠዋል። ልጄ ጀርባውን ሰጥቶ በጠጠር ይጫወታል። እማሆይ ከኋላው ሆነው ቀስ ብለው ስሙን ጠሩት። ዝም። ደገሙት። አሁንም ዝም። መቋሚያቸውን ድንጋዩ ላይ ጠቅ ሲያደርጉ ግን ዞረ።

«ልጄ፣ ስለ ምላሱ ነው የምትለምኚው። ጆሮውን አሳይተሽለታል?» አሉኝ።

ቀጥለው የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ላይ ያለውን ደንቆሮና ኮልታፋ ሰው አነሡልኝ። ጌታ መጀመሪያ ጣቱን ያገባው ጆሮው ውስጥ ነው፤ ምላሱን የዳሰሰው ከዚያ በኋላ ነው። ጆሮው ተከፈተ፣ የምላሱም እስራት ተፈታ። ይህን ወንጌል ስንት ጊዜ ሲነበብ ሰምቼዋለሁ! የዚያን ቀን ግን ለኔ የተነበበ ያህል ሆነብኝ።

እኛ ቤት ይሰማል ነበር የምንለው። በር ሲንኳኳ ይዞራል፤ ውሻ ሲጮህ ይደነግጣል።

የጆሮ ሐኪም ጋ ወሰድነው። ሐኪሙ ትንሽ ጫፍ ያለው መሣሪያ ጆሮው ላይ ገጥሞ ታምቡሩ እንደሚገባው ይንቀሳቀስ እንደሆነ ለካ። አይንቀሳቀስም። በሁለቱም ጆሮ፣ ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ተጠራቅሟል። ጉንፋን የሚመላለስበት ልጅ ላይ የሚያጋጥም ነገር ነው። ብዙ ጊዜ ትኩሳት የለው፣ ሕመም የለው፤ ማን ይጠርጥር? ከፍ ያለ ድምፅ ያልፋል። ለስለስ ያለ ንግግር ግን ውሃ ውስጥ እንደጠለቀ ሰው ድፍንፍን ይልበታል። አጥርቶ ያልሰማውን ቃል ልጁ ከየት አምጥቶ ይናገር?

ብዙውን ጊዜ በሦስት ወር ውስጥ በራሱ ይጠፋል ብሎ ሐኪሙ አስጠበቀን። ጸበሉንም አላቋረጥንም። የልጄ ግን አልጠፋ አለ፤ በሁለቱም ታምቡሮች ትንንሽ ቱቦ ገባለት። በር ላይ ቆሜ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ሳልጨርስ ይዘውት ወጡ።

ከዚያ የንግግር ባለሙያዋ ያሳየችንን ያዝን። ፊት ለፊቱ ዝቅ ብለን እናወራዋለን። የያዘውን ነገር ስም እንጠራለታለን። ከዚያ ዝም ብለን እንጠብቀዋለን። ይሄኛው ከሁሉ ይከብዳል። ቴሌቪዥኑንም ዘጋን።

አንድ ምሽት መብራት ጠፋ። ሻማ አብርተን ተቀመጥን። መብራቱ ሲመለስ እንደወትሮው የሰፈሩ ልጆች በአንድ ድምፅ «መጣ!» ብለው ጮኹ። ልጄ እጁን ወደ አምፖሉ ዘርግቶ «ማጣ!» አለ። አባቱ ሻማውን ማጥፋት ረስቶ ሰሙ እጁ ላይ ይንጠባጠባል። እኔ እልልታዬን አቀለጥኩት፤ ጎረቤቶች ምን ተገኘ ብለው እየሮጡ መጡ።

አሁን ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ያወራል፣ ይጠይቃል፣ ይከራከራል። «ረ»ን ገና «ለ» ይላታል፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ነው። እማሆይን አጠገቤ ያስቀመጠች፣ የሐኪሙን እጅ የባረከች እመቤቴ ናት። ስሟ ይክበር።

ልጃችሁ አፉን ያልፈታላችሁ እናቶች፣ ጆሮውን አስመርምሩለት። ለትልቅ ድምፅ ቢዞርም አስመርምሩለት። የልጃችሁንም የክርስትና ስም ጻፉልኝ፤ በ16 ስሄድ ይዤው እሄዳለሁ።