ኮምጣጣ የበርሜል ቢራ ደሴ ላይ ቀምሶ ነጥብ መስጠት፤ ከቡሹ በፊት ያለው ጣጣ

በበርሜል የቆየ ኮምጣጣ ቢራ ደሴ ላይ ቀምሶ ነጥብ ለመስጠት የሚያስብ ሰው ካለ፣ ከቅምሻው ወረቀት በፊት የጠርሙሱን ጉዞ ቢያስብበት ይሻለዋል። ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ፈረንጆች የሚጽፏቸው መመሪያዎች ስለ ብርጭቆው ቅርጽና ስለ ቅዝቃዜው ልክ ብዙ ይላሉ፤ ጠርሙሱ ግን ከሱቅ ቤት በሰላም እንደገባ ቆጥረው ነው የሚጀምሩት።

ቢራው ጌዝ ይባላል። የሚሠራው ቤልጂየም ውስጥ በብራስልስና በአካባቢዋ ሲሆን፣ ከገብስ ብቅል ጋር ያልበቀለ ስንዴ ይገባበታል። የፈላው ጭማቂ ሰፊና ጥልቀት በሌለው ገንዳ ላይ ሌሊቱን ሲቀዘቅዝ ያድራል፤ ሰው እርሾ ሳይጨምርበት ከአየሩና ከበርሜሉ እንጨት የሚያገኛቸው እርሾዎችና ባክቴሪያዎች ያብላሉታል። ከዚያ በኦክ በርሜል ይቀመጥና የ1፣ የ2 እና የ3 ዓመቱ ተቀላቅሎ ጠርሙስ ውስጥ እንደገና ይብላላል። እህቴ ከብራስልስ ስትመጣ 750 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ ይዛልኝ መጣች፤ አዲስ አበባ ያለው የአጎቴ ልጅ ደግሞ በካርቶን አሽጎ ወደ ኮምቦልቻ ላከልኝ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር።

ዕቃውን የተቀበለው ቢሮ ማን እንደሆነ አልናገርም። መስኮቱ ላይ የነበረው ወጣት ካርቶኑን ከፈተና በሽቦ የታሰረውን ቡሽ ሲያይ፣ «ይህ ሻምፓኝ ነው፤ ደረሰኙ ላይ የተጻፈው ግን ቢራ ነው» አለኝ። ጠርሙስ ውስጥ የሚብላላ ቢራ ጋዙ ኃይለኛ ስለሆነ ተራ ቆርኪ እንደማይችለው፣ ሽቦውም ቡሹ ተስፈንጥሮ እንዳይወጣ የሚይዝ መሆኑን አስረዳሁት። ወጣቱ ጨዋ ልጅ ነበር፤ ሊያምነኝም ዳድቶት ነበር። ነገር ግን ኃላፊውን ጠራ፤ ኃላፊው መነጽሩን አድርጎ የመጠቀሚያ ጊዜውን ፈለገ።

ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው። እንዲህ ያለው ቢራ ጠርሙስ ውስጥም ስለሚበስል፣ አንዳንድ ጠማቂዎች ከታሸገ በኋላ 20 ዓመት የሚደርስ የመጠቀሚያ ጊዜ ይጽፉበታል፤ የእኔም ጠርሙስ ከእነዚህ አንዱ ነበር። ኃላፊው ቁጥሩን በጣቱ እየተከተለ አነበበ፣ በእኛ አቆጣጠር ሰባት ስምንት ዓመት ቀነሰለት፣ ያም አልበቃውም። «ወንድሜ፣ እንኳን ቢራ የቤቴ ቆርቆሮም ሃያ ዓመት አይቆይ። ይህ ማኅተም የሐሰት ነው» አለኝ። የቢራ ፋብሪካ ያለባት ኮምቦልቻ ውስጥ ሆኖ ሰው ሁሉንም ቢራ በወራት ቢለካው አይገርምም፤ የገረመኝ ለማብራሪያዬ ጆሮ አለመስጠቱ ነው።

ቀጥሎ ያደረገውን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ጠርሙሱን አንገቱን ይዞ ገለበጠው፣ መልሶ አቆመው፣ ደግሞ ገለበጠውና ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ ተመለከተው። ከሥሩ አርፎ የነበረው የእርሾ ዝቃጭ እንደ አቧራ ተነሣ። «ይኸው ደፍርሷል፤ ተበላሽቷል» አለ። ዝቃጩ የእርሾ ነው፣ ጠርሙስ ውስጥ የተብላላ ቢራ ሁሉ ይኖረዋል፣ ቢጠጣም ጉዳት የለውም አልኩት። ወሎ ውስጥ ተወልዶ አድጎ ጉሽ ጠላ አይቶ የማያውቅ ሰው ይመስል፣ «የታሸገ መጠጥ አይደፈርስም» ብሎ ዘጋኝ። ቀጥሎም ሽቦውን ፈትቶ ሊያሸተው እጁን ሰደደ። በዚህ ጊዜ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ተንጦ የሞቀ ጠርሙስ ሽቦው ከተፈታ ቡሹ ዓይን እንደሚያጠፋ ነገርኩት፤ የሰማኝ እሱን ብቻ ነው።

ጠርሙሱ «እስኪጣራ ድረስ» መጋዘን እንዲቆይ ተወሰነ። መጋዘኑ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ሲሆን ኮምቦልቻ ከደሴ ስንት እጅ እንደምትሞቅ ቁልቁለቱን የወረደ ሁሉ ያውቃል። ወለሉ ላይ ጥላ ውስጥ እንዲያቆሙልኝ ለመንኩ፤ የቆመው ግን ከጣሪያው ሥር ባለው የላይኛው መደርደሪያ ነው፤ ምክንያቱም ወለሉ «ለከባድ ዕቃ» ነበር። ምን እንደሚጣራ፣ ማን እንደሚያጣራ፣ በምን መሣሪያ እንደሚጣራ ጠይቄ መልስ አላገኘሁም። ተመላልሼ ሳበቃ የተሰጠኝ «የተበላሸ ዕቃ በፈቃዴ ተረክቤያለሁ» የሚል ወረቀት ነው። ሌላ መንገድ ስላልነበረ ፈረምኩ፤ ከፊርማዬ በላይ ግን «ዝቃጩ የተፈጥሮ እርሾ ነው፤ ጠርሙሱ መጋዘን እስኪገባ ድረስ ደኅና ነበር» ብዬ በራሴ እጅ ጻፍኩበት። ኃላፊው አልወደደውም። እኔ ግን ከዚያ ሁሉ ምልልስ ደስ ያለኝ ይኸው አንድ መስመር ነው።

እንግዲህ የምመክረው ይህ ነው። ደረሰኙ ላይ «ቢራ» ብቻ አታስጽፉ፤ «በቡሽና በሽቦ የታሸገ፣ ዝቃጭ ያለው፣ ለዓመታት የሚቆይ ቢራ» ተብሎ በአማርኛ ይጻፍ፤ የመጠቀሚያ ጊዜውም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ካርቶኑ ላይ ይለጠፍ። ከሁሉም የሚሻለው ግን መላክን ትቶ ራስ አዲስ አበባ ሄዶ በእጅ ይዞ መምጣት ነው።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ፣ ጠርሙሱን ጭኔ ላይ አቁሜ ወጣሁ። ደሴ ከገባ በኋላ ዝቃጩ እስኪወርድ በቀዝቃዛው ጓዳ ለሳምንታት ቆሞ ቆየ። በዚህ ላይ የሚጨመር የለም።

ስለ አከፋፈቱ ግን ከመመሪያዎቹ ጋር አልስማማም። እንዲህ ያለ ቢራ ከ8 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ይቅረብ ይላሉ፤ ለባሕር ዳርቻ አገር ይሠራ ይሆናል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ጋዙም ክዳኑ ሲነሣለት ከዚያኛው አገር ይልቅ ተቻኩሎ ይወጣል። ስለዚህ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 5 ዲግሪ አቀዝቅዛችሁ ክፈቱትና ብርጭቆው ውስጥ ይሙቅ። እኔ እንዲህ ስላደረግሁ ቡሹ ጮኸ እንጂ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። ብርጭቆውን በተመለከተ፣ ከተጋበዙት አንዱ በብርሌ ካልሆነ ብሎ ነበር። ብርሌ ለዓይን ያምራል፤ ነገር ግን አንገቱ ጠባብ ስለሆነ አፍንጫ አይገባበትም፣ አረፋውም መሄጃ ያጣል። የወይን ብርጭቆ ይበቃል።

ነጥብ የሰጠሁት የአሜሪካን አገር የቢራ ዳኞች በሚጠቀሙበትና ቢጄሲፒ በሚባለው ወረቀት ነው፤ ለሽታ 12፣ ለመልክ 3፣ ለጣዕም 20፣ አፍ ውስጥ ለሚሰጠው ስሜት 5፣ ለጠቅላላ ግምት 10፣ በድምሩ ከ50 ነው። ዳኞች ነጥባቸውን ጽፈው እስኪጨርሱ እንዳይነጋገሩ ይመከራል። እኔ ይህን ሽሬ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠላ ሲጠምቁ የኖሩት ጎረቤቴ እትዬ በመጀመሪያ እንዲናገሩ አደረግሁ፤ ትክክልም ነበርኩ። የፋብሪካ ቢራ የለመደው ጓደኛዬ በአንድ ጉንጭ «ይህማ ሆምጥጧል» ብሎ 12 ሲሰጠው፣ እሳቸው ብርጭቆውን አሽትተው፣ ትንሽ ወስደው፣ አፋቸው ውስጥ አቆይተው ዋጡት።

«ይኼ እርጎን የሚያኮመጥጠው ዓይነት ነው» አሉ። «አቼቶው ኢምንት ነው። ጋኑን በደንብ ከድነውታል፣ አየር አላስገቡበትም።» ላክቲክ አሲድና አሴቲክ አሲድ የሚባሉትን እንዲህ ለይተው አስቀመጡልኝ፤ የኮምጣጤው ባክቴሪያ ያለ አየር እንደማይሠራም ማንም አላስተማራቸውም። ቀጥለው፣ «ጌሾው የት ሄደ?» ብለው ጠየቁ። ይህም የተገባ ጥያቄ ነው፤ ጌዝ የሚጠመቀው ለዓመታት ተቀምጦ ምሬቱ በጠፋ ሆፕ፣ ማለትም በፈረንጆቹ ቢራ የጌሾን ቦታ በያዘው አበባ ነው፤ ሆፑ የሚገባው ለመራራነት ሳይሆን መጥፎዎቹን ባክቴሪያዎች እንዲገታ ነው። የወይራ ጭሱን ግን በከንቱ ፈለጉት፤ በርሜሉ አይታጠንም፤ አሮጌ ስለሆነም የእንጨት ጣዕሙ ብዙ አይሰማም።

ሽታው መጀመሪያ ላይ ላብ የጠጣ የፈረስ ግላስ ነው፤ ይህን የሚያመጣው ብሬታኖማይሲስ የተባለው እርሾ ሲሆን ለዚህ ቢራ ነውሩ ሳይሆን ጌጡ ነው። እየሞቀ ሲሄድ የሎሚ ልጣጭና የደረቀ ገለባ ይከተላል። 9 ሰጠሁት። መልኩ ወርቃማ ነው፤ ነገር ግን ዝቃጩ ሙሉ በሙሉ ስላልተመለሰ 2። አፍ ውስጥ ቀጭንና ጋዙ የሚያሾል ነው፤ 4። ለጣዕሙ 18 ልሰጥ ነበር፤ ዳሩ ግን መጨረሻው ላይ እርጥብ ካርቶን የሚመስል ነገር አለ፤ ይህም አየር ያገኘው ቢራ ሙቀት ሲመታው የሚመጣ ነው። 16 አደረግሁት፤ የተቀነሱት ሁለት ነጥቦች የየትኛው መደርደሪያ እንደሆኑ ግን አውቃለሁ። ጠቅላላ ግምቴ 8፣ ድምሩ 39። በወረቀቱ መለኪያ «እጅግ በጣም ጥሩ» ከሚባለው ውስጥ ነው።

ከቅምሻው በፊት ቃሪያም ሆነ በርበሬ የነካው ምግብ አትብሉ፤ ቡናም ይቅርባችሁ፤ ነጭ ዳቦና ውኃ ይበቃል። የተከፈተ ጠርሙስ ያኑ ዕለት ይለቅ የሚለውን ግን አትስሙ። የተረፈውን መልሼ ከድኜ ፍሪጅ ውስጥ አሳደርኩት፤ በማግሥቱ ጋዙ ቀንሶ የፈረሱ ሽታ ለዘብ ብሎ፣ ሎሚው ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ጎልቶ ወጣ። እትዬም ሁለተኛውን ብርጭቆ ያስቀዱት የዚያን ዕለት ነው።