ሶልፌጅን ከባቲ ጀምሬ
ኮሌጅ ገብታችሁ ሙዚቃ ለማጥናት ለምታስቡ፣ እዚህ ደብረ ማርቆስ ሆኜ ቲዎሪውን በምን በኩል እንደያዝሁት ላካፍላችሁ።

ኖታ ማንበቡ ብዙም አላስቸገረኝም። አምስቱ መስመር፣ አራቱ ክፍተት፣ ትሬብልና ቤዝ ክሌፍ (የላይኛና የታችኛ ድምፆች ምልክት) በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲያነቡት ይለመዳል። የሻርፕ (ድምፅን ከፍ የሚያደርግ ምልክት) ቅደም ተከተልም ሽምደዳ ነው፤ ፋ ዶ ሶል ሬ ላ ሚ ሲ፤ ለፍላት (ዝቅ ለሚያደርገው) ደግሞ ከኋላ ወደ ፊት። አለቀ።

ጭንቁ ሶልፌጅ፣ ማለትም ድምፆችን በዶ ሬ ሚ ስም እየጠሩ ማዜም ነው። ዶ ሬ ሚ ብዬ ስወጣ ድምፄ ፋን ዘሎ ሶል ላይ ማረፍ ይቃጣዋል፤ ከላ በኋላም ሲን ትቶ ላይኛው ዶ ላይ ይወጣል። አይገርምም። ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝት ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነው፤ በእሱ ያደገ ጆሮ ግማሽ ቶን (እንደ ሚና ፋ ያለውን ትንሹን ርቀት) አይጠብቅም። ብዙ ሰው «ስኬሉን (ሰባቱን ድምፆች በቅደም ተከተል) በፒያኖ ደጋግመህ ስማ» ይላል። እኔ ከባቲ ቅኝት መነሣቱን መረጥሁ። ባቲ ሜጀር ዶ ሚ ፋ ሶል ሲ ስለሆነ የጎደሉት ሁለቱም እዚያ አሉ። ባለ ስድስት ክር ክራሬን በባቲ ቃኝቼ ሚና ፋን፣ ከዚያ ሲንና ላይኛውን ዶ እየመታሁ አዜማለሁ። ጆሮው ባቲን ያውቀዋል፤ ስሙን ብቻ ነው የማስተምረው። ልብ በሉ፣ የትዝታና የባቲ ድምፆች አንድ ላይ ሲሰደሩ ሜጀር ስኬሉ ከነሰባቱ ይወጣል!

ኢንተርቫሉንም (የሁለት ድምፆችን ርቀት) በዚሁ መንገድ ነው የያዝሁት። ዶና ሬ ፍላትን ከአምባሰል፣ ትራይቶንን (ዶና ሶል ፍላት፣ ስድስት ግማሽ ቶን) ከአንቺ ሆዬ። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፤ አዝማሪ በማሲንቆ የሚጫወተው አንቺ ሆዬ ከኪቦርድ ጋር ልክ ላይገጥም ይችላል። ኪቦርዱ ኦክታቩን (ከዶ እስከ ላይኛው ዶ ያለውን) 12 እኩል ቦታ ከፍሎታል፤ ማሲንቆ ላይ ግን የሚወስነው ጣት ነው። ስለዚህ ለልምምዱ ክራሬን በስልክ ቲዩነር አስተካክላለሁ። ለጨዋታ ከሆነ አላደርገውም፤ ጣዕሙ ይጠፋል።

ጎረቤታችን መሪጌታ ደብተሬን አገላብጠው «ለአንዲት ድምፅ አንዲት ነጥብ? ቀለሙስ አያልቅም?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በድጓው (በቤተ ክርስቲያኑ የዜማ መጽሐፍ) አንድ ምልክት ሙሉ የዜማ ሐረግ ይሸከማል፤ ሐረጉን ግን አስቀድሞ ከመምህር አፍ መቀበል ያስፈልጋል። የመስመሩ ኖታ ዜማውን ሰምቶ ለማያውቅ ሰው የተጻፈ ነው።

ሪትም ላይ ብዙ አልቆየሁም፤ ችክችካ የለመደ እግር የስድስት ስምንተኛን (6/8) ምት ሳይቆጥር ያገኘዋል።

አሁን ትሪያድ (አንድ ላይ የሚሰሙ ሦስት ድምፆች) ላይ ነኝ። ዶ ሚ ሶል ከትዝታ ይገኛል፤ ፋ ላ ዶና ሶል ሲ ሬ ግን ከትዝታ ብቻ ወይም ከባቲ ብቻ አይወጡም፤ ሁለቱን እየቀላቀልሁ ነው የማዜማቸው። የአራት ድምፅ ሃርመኒ መልመጃ በአማርኛ የተብራራ ካላችሁ ጠቁሙኝ፤ እዚህ ከተማ ፈልጌ አላገኘሁም።