ፖምፓውን ተዉት፣ ጎሚኒውን እዩ

የእኔ እንጀራ ሎደርና ኤክስካቫተር ነው። ቃሊቲ ያለችው ጋራዤ የሚመጣው ሁሉ ከባድ ነው፤ አንዱን ሲሊንደር ለማውረድ ብቻ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ የማውቃቸው ጡረታ የወጡ የብረታ ብረት መምህር ደውለው «አውሮፕላኔ እግሯን አጥፋ አልይዝ አለች» ሲሉኝ የቀለዱ መስሎኝ ነበር። አልቀለዱም። ሱሉልታ ግቢያቸው ውስጥ፣ በቆርቆሮ ዳስ ሥር፣ ሁለት ሰው የምትይዝ አውሮፕላን ገጣጥመው አቁመዋል። የሰፈሩ ልጆች «ካፒቴን» ነው የሚሏቸው። እኔ ግን ጋሼ እላቸዋለሁ።

ሱሉልታ ለእንዲህ ያለው ነገር እንግዳ አይደለም። አስመላሽ ዘፈሩ በቮልስዋገን ሞተር የሠራትን ኬ-570ኤ የተባለች አውሮፕላን ሊሞክር በ2007 ዓ.ም. የወጣው እዚሁ ነው። የጋሼ አውሮፕላን ገና ነች፤ የሲቪል አቪዬሽን ፈቃድ ሳይገኝ መሬት አትለቅም። ለጊዜው ከሥሯ ተደግፋ ጎማዎቿ አየር ላይ ተንጠልጥለዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማብሪያውን ወደ ላይ ሲያደርጉት ሦስቱም እግሮች በዘይት ግፊት ይታጠፋሉ፣ ዘይቱን የሚገፋው የፖምፓ ሞተርም ይቆማል። ትንሽ ቆይቶ ማንም ሳይነካው «ትርርር» ይልና ዝም ይላል። ከዚያ ደግሞ «ትርርር»። በቃ እንዲህ እያለ ይውላል። እግሮቹ ሲዘረጉ ግን ሦስቱ አረንጓዴ መብራቶች ይበሩና ጸጥ ነው።

ጋሼ የግፊት ስዊቹን ቀይረዋል። ሪሌውንም ቀይረዋል። እኔ ስደርስ ፖምፓውን እንዳለ ከውጭ ሊያዝዙ ነበር። በዚህ የዶላር ዘመን!

«ቆይ ጋሼ፣ ፖምፓው ምን በደለ?» አልኳቸው።

የታጠፉትን እግሮች ይዞ የሚያቆየው የዘይቱ ግፊት ብቻ ነው፤ ላይ የሚቆልፋቸው ብረት የለም። ግፊቱ ሲወርድ ስዊቹ ሞተሩን ይቀሰቅሰዋል፣ ሲሞላ ያቆመዋል። ስለዚህ ሞተሩ መነሳቱ ሥራውን መሥራቱ ነው። ሲዘረጉ ደግሞ የብረት ክንዱ ቀጥ ብሎ ትንሽ አልፎ ይቆለፋል፤ መብራቶቹን የሚያበሩት ስዊቾችም ሞተሩን ይቆርጡታል። ያኔ ዘይት ቢያመልጥ እንኳ ማንም አይሰማም። ታዲያ መጠየቅ ያለበት አንድ ነገር ነው፦ ግፊቱ የት ነው የሚሄደው?

መጀመሪያ ውጭውን አየን። ቱቦዎቹን በሙሉ በጨርቅ ጠርገን ከሥር ካርቶን አነጠፍን። ጠብታ የለም። እዚህ ላይ የጋራዤን ልጆች የምጮህባቸውን ልድገመው፦ ግፊት ያለበትን ቱቦ በእጃችሁ አትዳብሱ። ከመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ጣት እስከማስቆረጥ ይደርሳል። በካርቶን ፈልጉት።

ውጭ ካልሆነ ውስጥ ነው። ውስጥ ደግሞ የሚጠረጠሩት ጥቂት ናቸው፦ ፖምፓው ላይ ያለው ዘይት እንዳይመለስ የሚያግደው ቫልቭ፣ መብራት ቢጠፋ እግሮቹ በራሳቸው ክብደት እንዲወርዱ የሚከፈተው የድንገተኛ ቫልቭ፣ ወይም የሦስቱ ሲሊንደሮች የፒስተን ጎሚኒ፣ ማለትም ዘይት በፒስተኑ ዳር እንዳያልፍ የሚዘጋው የጎማ ቀለበት። ግፊቱን እያወረድን አንድ በአንድ መድፈን ነው። የአውሮፕላን ቱቦ መጋጠሚያ ጫፉ የተሾለበት ማዕዘን 37 ዲግሪ ነው። የእኛ የሎደሩ፣ ጄአይሲ የሚባለው መጋጠሚያም 37 ዲግሪ ነው፤ ቁጥሩ ከተገናኘ ጥርሱም ይገባል። ከዕቃ ሳጥኔ የብረት ታፖ፣ የቱቦ መድፈኛ፣ ለቅሜ ሄጄ ነበር፣ ገጠመ። ለመሬት ሙከራ ነው እንጂ ይህን ይዛችሁ እንዳትበሩ።

መጀመሪያ የፖምፓውን መውጫ ደፈንን። ጌጁ 70 ባር ላይ ወጥቶ እዚያው ቀረ። ሻይ ጠጥተን ስንመለስም አልነቃነቀም። የዶላሩ ነገር እዚህ ላይ አበቃ። ቀጥለን ቱቦውን መልሰን ሲሊንደሮቹን በየተራ ከመስመሩ አወጣን። የግራው ሲደፈን ሞተሩ ዝም አለ። የድንገተኛውም ቫልቭ በዚሁ ነጻ ወጣ። ለማረጋገጥ ግራውን መልሰን ገጥመን፣ እግሩን አጥፈን፣ የመመለሻ ቱቦውን ከሲሊንደሩ ላይ ፈታን። ፒስተኑ ጫፍ ላይ ቆሟል፤ ጎሚኒው ደህና ከሆነ ከዚያ ቀዳዳ ምንም መውጣት የለበትም። ቀዩ ዘይት ግን ጠብ ጠብ ይላል። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው እንደገና አዩት።

70 ባር ለእኔ ትንሽ ነው፤ ሎደር ላይ ከ200 በላይ ነው የምንሠራው። ግን አይናቅም። 25 ሚሊ ሜትር ውስጥ ስፋት ያለው ሲሊንደር በ70 ባር ወደ 350 ኪሎ ይገፋል።

ሲሊንደሩን ስንከፍት ጎሚኒው ጥቁር ነው፣ ክብ ነው፣ ከላይ ሲታይ ምንም አይወጣለትም። ግን ከቦዩ ወጥቶ አብጧል። ስጫነው የጥፍሬ ምልክት እላዩ ላይ ቀረ። አንዱ ጠርዝ አይጥ እንደቀመሰው ተበልቷል፤ ፍርፋሪውም ዘይቱ ውስጥ ይዋኛል።

«ይህን ከየት አመጡት?» አልኩ።

ለካ ግራው ፒስተን ተጭሮ ስለነበር ቶርኖ ቤት አሠርተውት፣ ጎሚኒውን ከመርካቶ ሶማሌ ተራ አስመጥተዋል። የሌሎቹ ከዕቃው ጋር የመጣው ነው። ሻጩ «ምርጥ የፍሬን ጎሚኒ ነው» ብሎ ሰጣቸው። አልዋሸም፣ የፍሬን ነው። ችግሩም እሱ ነው። የመኪና ፍሬን ዘይት ሌላ ዓይነት ኬሚካል ስለሆነ ጎሚኒው ኢፒዲኤም ከሚባል ጎማ ይሠራል። ቀዩ የአውሮፕላን ሃይድሮሊክ ዘይት ግን ከድፍድፍ ነዳጅ የሚወጣ ነው፤ ኢፒዲኤም ሲነካው ያብጣል፣ ይላላል። የሚፈለገው ኤንቢአር፣ ናይትራይል የሚሉት ነው። ሁለቱም ጥቁር ናቸው፤ በዓይን የሚለይ ሰው ካለ ያሳየኝ። ስለዚህ ከመግጠማችሁ በፊት አንዱን በካሊፐር ለክታችሁ ያው ዘይት ባለበት ብርጭቆ ውስጥ አሳድሩት፣ ጠዋት መልሳችሁ ለኩት። ሻጭ አታስቸግሩ።

የሃይድሮሊክ ቱቦ ከሚያሠሩበት ሱቅ ኤንቢአር አመጣሁ። ዘይቱን በሙሉ አፍስሰን፣ ቱቦዎቹን አጥበን፣ ፍርፋሪው ሌላ ቦታ እንዳይቀረቀር ማጣሪያውን አጽድተን ገጠምነው። አየሩ እስኪወጣ እግሮቹን እያጠፍን እየዘረጋን ታንኩን ሞላን። አረፋው ሲጠፋ ሞተሩም ረጋ።

በነገራችን ላይ፣ እኔ ብሆን የማይታጠፍ እግር ነበር የማደርግላት። ሱሉልታ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እዚህ ከፍታ ላይ ቱርቦ የሌለው ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። በዚያ ላይ ፖምፓ፣ ዘይት፣ ሦስት ሲሊንደር መሸከም ምን ይባላል? ይህን ስላቸው ጋሼ ሳቁ።

«እግሩን ሳይሰበስብ የሚበር አሞራ አይተህ ታውቃለህ?»

ዝም አልኩ። አውሮፕላኗ የሳቸው ናት።

በማግስቱ ግን ጠዋት ደወሉ፦ «ሌሊት አንዴ ተነሳ!» እሱ ብርዱ ነው አልኳቸው። ቱቦ ውስጥ የታፈነ ዘይት ሲቀዘቅዝ ይሸመቀቃል፤ የጥቂት ዲግሪ ለውጥ ብቻ ግፊቱን ብዙ ባር ያወርደዋል። የሱሉልታን ሌሊት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ቀን ፀሐይ ቆርቆሮውን ስትመታው ደግሞ ሞተሩ ሳይነሳ ጌጁ ወደ ላይ ይወጣል፤ ለዚህ ነው ሲሞቅ የሚያስተነፍስ ቫልቭ የተሠራለት። ሌሊት አንዴ ቢነሳ አያስጨንቅም። በየደቂቃው ከሆነ ይደውሉልኝ አልኳቸው።

እስካሁን ለዚያ አልደወሉም። ሰሞኑን የደወሉት የአፍንጫው እግር አረንጓዴ መብራት አንዳንዴ ብልጭ ድርግም ይላል ብለው ነው። እሱ የሽቦ ወይ የስዊች ጉዳይ ነው። የኤሌክትሪክ ባለሙያ ስልክ ልኬላቸዋለሁ፤ እኔ የዘይት ሰው ነኝ።