ከኮሎምበስ እስከ ቺካጎ፣ ለ16 ባር

ጥር ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ሐሙስ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ፣ ባለቤቴ፣ እኔና የ17 ዓመት ልጃችን ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ተነስተን በኢንተርስቴት 70 ወደ ምዕራብ አቀናን። መድረሻችን ከ350 ማይል በላይ የምትርቀው ቺካጎ ነበረች። ከመኪናው የኋላ መጫኛ ውስጥ የባሌ ጫማ፣ ተረከዝ ያለው የመድረክ ጫማ፣ አየሩን የሚያረጥብ ትንሽ ማሽንና ባለቤቴ ከሐበሻ ሱቅ የገዛችው አንድ ከረጢት ጦስኝ ነበሩ። የልጄን የዘፈን ኖታዎች የያዘው ጥቁር ክላሰር ግን ከዕቃ ጋር እንዲጫን አልተፈቀደለትም፤ መንገዱን ሁሉ እንደ ሕፃን ጭኗ ላይ አድርጋው ነው የሄደችው።

ልጄ ኮሌጅ ገብታ መማር የምትፈልገው ሙዚቃዊ ቴአትር ነው፤ ማለትም በአንድ መድረክ ላይ መዝፈን፣ መተወንና መደነስ። በዚህ ሙያ የትምህርት ቤት ውጤት ብቻውን በር አይከፍትም፤ መምህራኑ ፊት ቀርቦ መፈተን ግድ ነው። ተፈታኙ በየግዛቱ እንዳይንከራተት ሲባል ብዙ ኮሌጆች በየዓመቱ በኒው ዮርክ፣ በቺካጎና በሎስ አንጀለስ በአንድነት ተሰባስበው ይፈትናሉ፤ ይህንንም ዩኒፋይድስ ይሉታል። ከዚያ በፊት ደግሞ በመከር ወራት የሚላክ የቅድመ ማጣሪያ ቪዲዮ አለ። የእኛን የቀረጽነው ምድር ቤታችን ውስጥ፣ የልብስ ማጠቢያውን ማሽን አጥፍተን፣ ግድግዳው ላይ ሰማያዊ አንሶላ ሰቅለን ነበር። ካመለከተችባቸው 11 ኮሌጆች መካከል 7ቱ በአካል እንድትቀርብ ፈቀዱላት። በአካል ስትቀርብ የሚሰጣት ጊዜ ግን እጅግ አጭር ነው፤ ከአንድ ዘፈን 16 ወይም 32 ባር (የዘፈኑ ኖታ የሚከፈልባቸው አጫጭር የምት ክፍሎች)፣ ከዚያም አንድ ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ መነባንብ። አሥራ ስድስት ባር፣ ዘፈኑ ፈጣን ከሆነ፣ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ለዚህ ነበር እንግዲህ ስድስት ሰዓት የምንነዳው።

እውነቱን ለመናገር፣ እኔ በዚህ ነገር የተስማማሁት ዘግይቼ ነው። እንደ አብዛኛው የአገሬ ሰው ነርስነት ወይም ፋርማሲ ይሻላል ስል ሁለት ዓመት ያህል ተከራክሬያለሁ። ደሴ ያለችው እናቴ ወሬውን የሰማች ዕለት ስልኩን አንስታ «አንተ ልጅ፣ ልጅህን ለአዝማሪነት ነው እንዴ አሜሪካ ድረስ ወስደህ ያሳደግሃት?» ብላኛለች። የሚገርመው፣ ያን ቃል ከእሷ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ አልነበረም። በደርግ ዘመን እኔ ራሴ የቀበሌያችን የኪነት ቡድን አባል ነበርኩ፤ የወሎ ላሊበላ ኪነትን ልጆች በሩቁ እያየን እንደነሱ ለመሆን የምንመኝ ጎረምሶች ነበርን። አንድ ማታ ከልምምድ ስመለስ እናቴ ይህንኑ ቃል ወረወረችብኝ፤ እኔም በማግስቱ ተውኩት። ይህን ለልጄ ነግሬያት አላውቅም ነበር።

ኢንዲያናፖሊስ ላይ ወደ ኢንተርስቴት 65 ታጥፈን ሰሜኑን ያዝን። ከላፋዬት ከተማ ካለፉ በኋላ መሬቱ ሜዳ ነው፤ በግራም በቀኝም፣ ዓይን እስኪደክም ድረስ፣ ነጫጭ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ቀስ ብለው ይዞራሉ። ልጄ የማሽኖቹን ፍጥነት እየተከተለች ከንፈሯን እያንቀጠቀጠች ድምፅዋን ታሟሽ ጀመር። ወደ ቺካጎ ስንቃረብ የስልኮቻችን ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ባለቤቴ ተጨማሪ ሰዓት ያገኘነው በጸሎቷ እንደሆነ ነገረችን። ከሚሺጋን ሐይቅ የሚነሣው በረዶ ግን ጌሪ ከተማ ላይ ተቀብሎን፣ ያንን ትርፍ ሰዓት ወዲያው ወሰደው።

ፈተናው የሚካሄደው በመሀል ከተማ፣ ፓልመር ሃውስ በተባለው አሮጌ ሆቴል ነው። የእንግዳ መቀበያ አዳራሹ ጣሪያ በሥዕል የተሸፈነ ስለሆነ፣ ባለቤቴ ገና እንደገባች አንገቷን ቀና አድርጋ «ቤተ ክርስቲያን ነው እንዴ?» አለች። ከላይ ባሉት ፎቆች ግን ጸጥታ የሚባል ነገር የለም። ኮሪደሩ ምንጣፍ ላይ የተቀመጡ በመቶ የሚቆጠሩ ልጆች፣ ግማሾቹ ግድግዳ ይዘው እግራቸውን ያፍታታሉ፤ ግማሾቹ በቀጭን የመጠጫ ቀሰም ውስጥ እያንጎራጎሩ ድምፃቸውን ያሟሻሉ፤ አንዷ ከግድግዳ ጋር ተጣልታ ታለቅሳለች ብዬ ስደነግጥ መነባንቧን እየተለማመደች ኖሯል። ወላጅ ከበር ወዲያ አይገባም። እኛ ከሌሎች እናትና አባቶች ጋር ተደርድረን፣ ከፔርሙዝ የተቀዳ ጦስኝ ይዘን፣ የተዘጋ በር እናያለን።

የመጀመሪያው ቀን ሁለተኛ ፈተና ላይ የደረሰው ጥፋት የእኔ ነው። የፒያኖ ኖታ ከዘፋኙ መስመር ሥር በሁለት ረድፍ ይጻፋል፤ የላይኛው ለቀኝ እጅ፣ የታችኛው ለግራ እጅ። የኖታ መጽሐፍ ደግሞ ከተራው የቢሮ ወረቀት ረዘም ያለ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ከምሠራበት መጋዘን ቢሮ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ሳነሣ፣ ከሁለት ገጾች ግርጌ የግራ እጁ ረድፍ ተቆርጦ ቀርቷል። አጃቢው ፒያኒስት ደግሞ ዘፈኑን ያየው በዚያች ደቂቃ ነው። ከበሩ ውጭ ሆኜ ስሰማ መጀመሪያው ደህና ነበር፤ ከዚያ ድንገት የፒያኖው ወፍራም ድምፅ ጠፋና ቀጭኑ ብቻ ቀረ፤ የልጄ ድምፅ ከሥሩ መሬቱ እንደተነሣበት ሰው ትንሽ ተንገዳገደ፣ ግን አልቆመም። ወጥታ ክላሰሩን ስትሰጠኝ ምንም አልተናገረችም፤ ገጹን ከፍታ ጣቷን ከግርጌው ላይ ብቻ አኖረች።

ማታውን ከመሀል ከተማው በቀዩ የባቡር መስመር ተሳፍረን ግራንቪል ጣቢያ ወረድን፤ የሐበሻ ምግብ ፍለጋ ኤጅዋተር ወደሚባለው ሰፈር ማለት ነው። ምግብ ቤቱ የሚገኝበት ጎዳና ስሙ ብሮድዌይ ነው፤ ኒው ዮርክ ካለው ስመ ጥር የቴአትር ጎዳና ጋር አንድ ስም። ልጄ የጎዳናውን ታፔላ አይታ ከሥሩ ፎቶ እንዳነሳት ጠየቀችኝ፤ «ብሮድዌይ ደርሻለሁ ብዬ ለጓደኞቼ እልካለሁ» አለች። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀችው ያኔ ነው። ክትፎው እስኪመጣ ድረስ፣ ስለ ፎቶ ኮፒው ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ጀምሬ፣ ሳላስበው ስለ ኪነት ቡድናችን ነገርኳት። «ምን ነበር የምትሠራው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ክራር ጀማሪ ነበርኩ፤ ይበልጡን ግን ወንበር ተሸካሚ» አልኳት። ለምን እንደተውኩት አልጠየቀችም፤ ባለቤቴ ግን ቀና ብላ አየችኝ።

በቀሩት ሁለት ቀናት እኔም ሥራ አገኘሁ። በኮሪደሩ ከየኮሌጁ የመጡ ተማሪዎችን እየያዝኩ መጠየቅ ጀመርኩ። ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ተማሪ የሚቀንስ ፕሮግራም መኖሩን ያወቅሁት በዚህ መንገድ ነው። ቢኤፍኤ የሚሉት ዲግሪ አብዛኛውን የትምህርት ሰዓት ለሙያው የሚሰጥ፣ ቢኤው ደግሞ ሌላም ነገር አጣምሮ ለመማር ቦታ የሚተው መሆኑንም ተረዳሁ። የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ኒው ዮርክ ሄደው ለተዋናዮች ሥራ በሚያፈላልጉ ወኪሎች ፊት የሚያሳዩት ትርኢት ወጪው በማን እንደሚሸፈን ስጠይቅ አንዳንዱ ተማሪ ግራ ይጋባ ነበር። ያለ ቀጠሮ ተፈታኝ የሚቀበሉ ኮሌጆችም ስለነበሩ ልጄ በአንዱ ተመዝግባ ገባች። ያን ጊዜ ነው ራሴን የታዘብኩት። ከቤት ስንወጣ የሚያስፈራኝ «የእገሌ ልጅ አዝማሪ ሆነች» የሚለው ወሬ ነበር፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ግን በስልኬ ላይ የምደምረው የአራት ዓመት ክፍያ እንቅልፍ ይነሣኝ ጀምሯል። በምሥራቅ ጠረፍ ያለ አንድ የግል ኮሌጅ ከመኝታና ከምግብ ጋር በዓመት ከ70 ሺህ ዶላር በላይ ይጠይቃል። ያን ያህል ዕዳ ተሸክማ የወጣች ተዋናይት በምን አቅሟ ነው ትንሽ ሚና እየጠበቀች የምትቆየው?

ኦሃዮ ለዚህ ትምህርት የታደለች ግዛት መሆኗን በወጉ ያጤንኩት ከተመለስን በኋላ ነው። በሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ኮንሰርቫቶሪ፣ ማለትም የሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ በመላ አገሪቱ ስመ ጥር ነው። ኦተርበይን ከቤታችን ብዙም አይርቅም። ክሊቭላንድ አጠገብ፣ ቤርያ ላይ፣ ባልድዊን ዋላስ አለ። ዳይተን አጠገብ ደግሞ በራይት ወንድማማቾች ስም የተሰየመው ራይት ስቴት ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የመንግሥት ስለሆነ ለግዛቱ ነዋሪ የሚያስከፍለው ያንሳል። በየካቲት ወር ልጄን ለፈተና ወደዚያ ይዣት ስሄድ የታጠፍንበት መውጫ፣ ወደ ቺካጎ በሌሊት ስንሄድ ዘወር ብለን ሳናየው ያለፍነው ነበር። አዲሱን ፎቶ ኮፒ በሰፊ ወረቀት ላይ አንሥቼ፣ የየገጹን ግርጌ በጣቴ እየዳሰስኩ ሁለት ጊዜ መርምሬያለሁ። የግቢው ሕንፃዎች ከመሬት በታች በዋሻ መሰል መተላለፊያ የተያያዙ ናቸው፤ ውጭ በረዶ ሲጥል ልጆቹ በዚያ ውስጥ እየዘፈኑ ይሄዳሉ። ልጄ ከፈተናው ወጥታ መጀመሪያ የነገረችኝ የዘፈነችውን ሳይሆን፣ ፈታኙ መምህር አስቁሟት «እስቲ አሁን ለአንድ ሰው ብቻ እንደምትነግሪ አድርገሽ ዝፈኝው» እንዳላትና እንዴት እንደሞከረችው ነው።

መልሶቹ እስከ መጋቢት መጨረሻ ተራ በተራ መጡ፤ አራቱ እምቢታ፣ አንዱ ተጠባባቂ። ከተቀበሏት መካከል የምሥራቁ የግል ኮሌጅ ነበረበት፤ ለሁለት ሳምንት ያህል ማታ ማታ ወረቀት ዘርግተን ተከራከርን። ባለቤቴ ለስሙ ስታደላ፣ እኔ ለሒሳቡ አደላሁ። ልጄ ሁለታችንንም ካዳመጠች በኋላ ያንን አስቁሞ ያስደገማትን መምህር አስታወሰችን። የመጨረሻው ቀን፣ ሜይ 1፣ ከመድረሱ በፊት ለዳይተኑ መያዣውን ከፈልን።

በዚያው ሳምንት እሑድ ለእናቴ ደወልኩ። ነገሩን ሁሉ ዘርዝሬ ስነግራት ዝም ብላ አዳመጠችና «ከቤታችሁ ስንት ይርቃል?» አለችኝ።

«በመኪና አንድ ሰዓት ቢሆን ነው፣ እማዬ።»

«ታዲያ ቺካጎ ድረስ ምን ልታደርጉ ሄዳችሁ?»